ፊልሙ ባዶ ሆኖ ሲወጣ

ፎቶግራፍ ማንሣት ብቻ ሳይበቃው ፊልሙንም በቤቱ የሚያጥብ ሰው፥ አንድ ቀን ከታንኩ ውስጥ እንደ ውኃ የጠራ ፊልም ማውጣቱ አይቀርም። ሠላሳ ስድስቱም ሥዕል ጠፋ ማለት ነው። የጓደኛ ሠርግ ወይም የምረቃ በዓል እንደ ሆነ ደግሞ ሁለተኛ አይነሣም። በዚህ ጊዜ አንዳንዱ መድኃኒቱን ይረግማል፤ አንዳንዱም ካሜራውን ይዞ ወደ ጠጋኝ ይሮጣል። እውነተኛው ምስክር ግን እዚያው ፊልሙ ላይ አለ።

ይኸውም በጠርዙ፥ ከቀዳዳዎቹ አጠገብ የሚታየው ቁጥርና የፊልሙ ስም ነው። ይህን ጽሕፈት ፋብሪካው ራሱ አስቀድሞ በብርሃን ያተመው ስለ ሆነ ካሜራው አይነካውም፤ ገልጦ የሚያወጣው ዴቨሎፐሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ደምቆ ሥዕሉ ከሌለ እጥበቱ ደኅና ነው፤ ምናልባት ፊልሙ በካሜራው ጥርስ ሳይያዝ ቀርቶ ከነጭራሹ አልዞረም። ሁለቱም ከሌሉ ዴቨሎፐሩ ሞቷል፥ ወይም ፊክሰሩ ቀድሞ ገብቷል። (ጠርሙሶቹ ላይ ስማቸውን መጻፍ ምን ያህል ይከብዳል?) ቁጥሩ ደምቆ ሥዕሉ የሳሳ እንደ ሆነ ሲነሣ ብርሃን አንሶታል። ቁጥሩም ሥዕሉም ከሳሱ ግን እጥበቱ አጥሯል፥ ወይም መድኃኒቱ ደክሟል፥ አለዚያም ቀዝቅዟል።

የቅዝቃዜ ነገር በደጋ አገር የሚናቅ አይደለም። ኤች ፒ 5 ፕላስ የተባለው ፊልም ባልቀጠነ አይዲ 11 በ20 ዲግሪ 7 ደቂቃ ተኩል ይታጠባል፤ በ18 ዲግሪ ግን ወደ 9 ደቂቃ ይፈልጋል። ሁለት ዲግሪ በጣት አይታወቅምና፥ ቴርሞሜትር ሳይገዙ ዴቨሎፐር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ቆላ ያለ ሰው በተቃራኒው ጠርሙሱን በረዶ ባለበት ውኃ ውስጥ ያቁመው።

ፊልሙ ወተት የነካው መስሎ ቢወጣ ማንም አይደንግጥ። ፊክሰሩ ሥራውን አልጨረሰም ማለት ነውና፥ ወደ አዲስ ፊክሰር ቢመልሱት አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ሃይፖ የሚባለውን ጨው ለዚህ ሥራ እንዲውል ያደረገው እንግሊዛዊው ሊቅ ጆን ኸርሽል ነው፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1839 ነበር። ፊክሰሩ መድከሙን ለማወቅ ቁራጭ ፊልም በብርሃን ጣል ያደርጉበታል፤ እስኪጠራ የፈጀውን ጊዜ ቆጥረው ዋናውን ፊልም የዚያን እጥፍ ያቆዩታል። የመጥሪያው ጊዜ አዲስ ሳለ ከነበረው እጥፍ ከሆነ ፊክሰሩ ይደፋ።

ትንንሽ ክብ ነጠብጣብ የአየር አረፋ ነው፤ ዴቨሎፐሩ እንደ ፈሰሰ ታንኩን ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ኳ ማድረግ ይበቃል። የጨረቃ ግማሽ የመሰለ ጥቁር ምልክት ደግሞ ፊልሙ በጨለማ ሲጠመጠም በጣት መታጠፉን ይናገራል። ለዚህ መድኃኒቱ በተበላሸ ፊልም መለማመድ ነው፤ መጀመሪያ እያዩ፥ ቀጥሎ ዓይንን ጨፍኖ። መዘውሩ እርጥብ ከሆነ ግን የሠለጠነ እጅም አያሽከረክረውም።

የታጠበው ፊልም አቧራ በሌለበት ክፍል ተሰቅሎ፥ መስኮቱ ተዘግቶ ይተው። በጨርቅ ሊወለውሉት አይገባም፤ እርጥብ ጄላቲን በጥፍር እንደ ቅቤ ይጫራል።