አፍንጫዋ የተዘጋ ድመት

ከሐረር በር ወደ ጁገል፣ በግንብ ወደ ተከበበችው አሮጌዋ የሐረር ከተማ፣ የሚገባ ሰው ፈረስ መጋላን ሳይረግጥ አያልፍም። ድሮ ፈረስ ይሸጥበት በነበረው አደባባይ ዛሬ ባጃጆች ይጋፋሉ። ከዚያ የልብስ ሰፊዎቹን መንገድ፣ መኪና ግርግርን ይዘው ቁልቁል ሲወርዱ ጊዲር መጋላ ይደርሳሉ፤ የሥጋው ገበያ። እንግዳ ሰው እዚያ ሲደርስ ዓይኑ የሚያርፈው ሥጋ ከሰው እጅ በሚነጥቁት ጭላቶች ላይ ነው። ድመቶቹ ግን ከታች ናቸው፤ በሥጋ ቆራጩ ጠረጴዛ ሥር፣ በደረጃው ጥግ፣ ፀሐይ በያዘው ግድግዳ ላይ። በግንቡ ውስጥ ያለው መሬት 48 ሄክታር ገደማ ብቻ ነው። ቤቱ ከቤት ተያይዟል፣ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ድመት በጣሪያና በአጥር ላይ እየተራመደች ከግቢ ግቢ ትዞራለች። አይጥ ለማጥፋት ይህ ትልቅ በረከት ነው። ጉንፋንም የሚዞረው በዚሁ መንገድ ነው።

ምልክቱን ያላየ የጁገል ነዋሪ ያለ አይመስለኝም። ድመቷ በተደጋጋሚ ታነጥሳለች፤ ዓይኗ ያለቅሳል፣ ከዚያ በአይናር ይጣበቃል፤ ከአፍንጫዋ መጀመሪያ ውኃ የመሰለ፣ በኋላ ወፍራም ቢጫ ንፍጥ ይወርዳል፤ ድምፅዋ ይዘጋል። ብዙ ሰው «ብርድ መትቷት ነው፣ ይተዋታል» ብሎ ያልፋል። ጤነኛና ጎልማሳ ለሆነች ድመት ይህ ብዙውን ጊዜ እውነት ነው፤ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይለቃታል። ለግልገል፣ ላረጀች ወይም ለከሳች ድመት ግን የሞት በሽታ ሊሆን ይችላል።

ከ10 ታማሚ ድመቶች የ8ቱ ወይም የ9ኙ በሽታ ከሁለት ቫይረሶች የሚመጣ ነው። ካሊሲ ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ1957 በኒውዚላንድ፣ የድመት ሄርፐስ ቫይረስ ደግሞ በዓመቱ በአሜሪካ ተለይተው ታወቁ። ሄርፐሱ አፍንጫንና ዓይንን ያጠቃል፤ በዓይን ብሌን ላይ ቁስል እስከማውጣት ይደርሳል። ካሊሲው ምላስንና ላንቃን ያቆስላል፤ አንዳንዴም ድመቷ ለጥቂት ቀናት ታነክሳለች። እንደ ክላሚዲያና ቦርዴቴላ ያሉ ባክቴሪያዎችም አሉ፤ ብቻቸውን ያሳምማሉ፣ ወይም ቫይረሱ ባቆሰለው ላይ ይደርባሉ። ሁለቱ ቫይረሶች ወደ ሰው አይተላለፉም፤ ከባክቴሪያዎቹ አልፎ አልፎ ሰው ላይ የሚደርሱ ስላሉ ድመቷን ከነኩ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ድመት ምግቧን የምትመርጠው በማሽተት ነው። አፍንጫዋ ሲታፈን ከፊቷ የተቀመጠው ጉበት ሽታ የለውም፤ ሽታ የሌለው ነገር ደግሞ ለእሷ ምግብ አይደለም። ስለዚህ ሳትበላ ትውላለች፣ ታድራለች። ያልበላች ድመት ሰውነቷ የራሱን ስብ እያወጣ ወደ ጉበት ይልካል፤ የድመት ጉበት ይህን ሁሉ ስብ መቋቋም አይችልም። ሁለት ሦስት ቀን ሙሉ ያልበላች ድመት፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ ጉበቷ በስብ ተሞልቶ ሥራውን ሊያቆም ይችላል። በጉንፋን ጀምራ በጉበት የምትሞት ድመት አለች ማለት ነው። የቤት ውስጥ እንክብካቤው በሙሉ ከዚህ ይነሳል፤ አፍንጫው ይከፈት፣ ምግቡ ይሽተት፣ ውኃ አይጉደል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ነገር ከማንኛውም የፈረስ መጋላ ሱቅ ይገኛል። ግማሽ ሊትር ውኃ አፍልቶ አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ጨው መጨመርና ለብ እስኪል መጠበቅ፤ በዚያ ውኃ በራሰ ጥጥ የደረቀውን ንፍጥና አይናር እያራሱ ማንሳት። ዓይኑ ከአፍንጫው በኩል ወደ ውጭ ይጠረጋል፤ ለእያንዳንዱ ዓይን ሌላ ጥጥ። የደረቀውን በጥፍር መላጥ ያቆስላል። ከዚያ እንፋሎት ነው። ድመቷን ቀዳዳ ባለው ካርቶን ወይም ቅርጫት ውስጥ አድርጎ፣ የፈላ ውኃ የያዘ ድስት አጠገቧ፣ እንዳትደፋው ከካርቶኑ ውጭ አስቀምጦ፣ ሁለቱንም በፎጣ ሸፈን ማድረግ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ። ሰው ከአጠገቧ መራቅ የለበትም፤ ከተጨነቀች ወዲያው ይከፈትላት።

ምግቡ ከእንፋሎቱ በኋላ ወዲያው ይቅረብ። ለብ ያለ ምግብ ይሸታል፣ ቀዝቃዛ አይሸትም። የተቀቀለና የተፈጨ ጉበት፣ ሰርዲን፣ ቱና፣ የዶሮ መረቅ፤ በጥቂት በጥቂቱ፣ በቀን ብዙ ጊዜ። መረቁ ውስጥ ሽንኩርት መግባት የለበትም። አፏ የቆሰለ ከሆነ ምግቡ በውኃ ይላላ። ወተት እናቶቻችን የሚያቀርቡት ፍቅር ነው፤ ግን አብዛኞቹ ትልልቅ ድመቶች ወተት ያስቀምጣቸዋል፣ በተቅማጥ የሚወጣው ውኃ ደግሞ ለታመመች ድመት የማይተካ ነው። መርፌው በወጣለት ስሪንጅ መመገብ ይቻላል፤ ከጉንጯ ጎን፣ ጠብ ጠብ እያደረጉ፣ ራሷ እስክትውጥ እየጠበቁ። አንገቷን ቀና አድርጎ መጋት ምግቡን ወደ ሳንባ ይልካል።

የምሰጋው ከዚህ ይልቅ በፍቅር የሚደረገውን ጥፋት ነው። ጉንፋን ሲይዘን ቤታችን መድኃኒት አያጣም፤ በባሕር ዛፍ ቅጠል እንታጠናለን፣ ነጭ ሽንኩርት እንበላለን፣ ፓራሲታሞል እንውጣለን። ሦስቱም ለድመት መርዝ ናቸው። ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት የደም ሴሎቿን ያፈርሳሉ። የባሕር ዛፍ ዘይት ጉበቷ የማያጣራው ነገር ነው፤ እንፋሎቱ ንጹሕ ውኃ ብቻ መሆን ያለበት ለዚህ ነው። ፓራሲታሞል ከሁሉም የከፋ ነው። የሰው ጉበት ይህን መድኃኒት የሚያስወግድበት መንገድ በድመት ጉበት ውስጥ የለም ለማለት ይቻላል፤ አንዲት ባለ 500 ሚሊ ግራም ፍሬ አንዲትን ጎልማሳ ድመት ለመግደል ትበቃለች። ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ድዷ ወደ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ይለወጣል፣ ፊቷ ያብጣል። አንዴ የተሰጣት ድመት ካለች ምልክቱ እስኪታይባት ሳይጠበቅ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም መወሰድ አለባት።

ጭስም አለ። የሐረር ቤት ያለ ቡናና ያለ ዕጣን አይታሰብም፤ ይህን የሚያስቀር ሰው አይገኝም፣ ማስቀረትም አያስፈልግም። ለዚያ ሳምንት ግን ድመቷ ከሚጤስበት ክፍል ወጥታ ሌላ ክፍል ትተኛ። ሌሊቱ በርዶ ከሰል ማንደድ ቢያስፈልግ በር ዘግቶ አይሆንም፤ ይህ ለሰውም ነው።

በፋርማሲ በኩልም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት በአገራችን በትራኮማ ምክንያት የታወቀ ነው፤ የድመት ክላሚዲያንም ይመታል፣ ሐኪም ካዘዘው ጠቃሚ ነው። ዴክሳሜታዞን ያለበት ጠብታ ግን ሄርፐስ ያቆሰለውን ዓይን እስከማጥፋት ይደርሳል። ለሰው ሄርፐስ የሚሸጠው የአሲክሎቪር ክኒን ድመትን ይጎዳል። ዶክሲሳይክሊን የእንስሳት ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚያዙት ነው፤ መጠኑ በክብደት ይለካል፣ ከተዋጠ በኋላም 5 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ መከተል አለበት፤ ያለዚያ ክኒኑ ጉሮሮዋ ላይ ተጣብቆ ያቆስላታል። ፀረ ባክቴሪያ ቫይረሱን አይነካውም፤ የሚታዘዘው የተደረበው ባክቴሪያ እንዲጠፋ ነው።

ሐኪም ጋ የሚያስኬደው ምንድን ነው? አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ድመት ቀጠሮ አያስፈልጋትም፤ አሁኑኑ መሄድ አለባት። ስትተኛ በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ የምትተነፍስ፣ ሙሉ ቀን ምንም ያልቀመሰች፣ ዓይኗ የደፈረሰ፣ የጫንቃዋ ቆዳ ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ቶሎ የማይመለስ ድመትም እንዲሁ። የድመት ጤነኛ ሙቀት ከ38.1 እስከ 39.2 ዲግሪ ስለሆነ ስትነካ ከሰው መሞቋ ብቻውን ትኩሳት አይደለም። ከሐረር በአወዳይ በኩል 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም አለው። የእንስሳት ሐኪም ሲባል ለበሬና ለግመል ብቻ ነው የሚለው ሐሳብ ብዙ ድመት ሳይታከም እንዲሞት አድርጓል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ከዚህ ሁሉ በፊት መታየት አለበት፤ የእብድ ውሻ በሽታ። ካሊሲ አፏን ያቆሰላት ድመት ለሃጯን ታዝረበርባለች፤ በእብድ ውሻ በሽታ የተያዘችም እንደዚያው። የመንገድ ድመት ለሃጯ እየወረደ ጠባይዋ ከተለወጠ፣ ያለ ምክንያት የምትናከስ ወይም የምትንገዳገድ ከሆነ፣ አፏን ለማየት እጅ መስደድ አይገባም። የነከሰችው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ።

ሌሎቹን ድመቶች ለመጠበቅ የታመመችውን ለይቶ ማስቀመጥ፣ ሳህኗንም መለየት ይገባል። በማስነጠስ የሚወጣው ጠብታ ከአንድ ሁለት ሜትር አይርቅም፤ ስለዚህ በሽታውን ይበልጥ የሚያዳርሱት በአንድ ሳህን መብላትና የሰው እጅ ናቸው። ሄርፐስ ከሰውነት ውጭ ከአንድ ቀን በላይ አይቆይም። ካሊሲ ግን ሳህን ላይ ከሳምንት በላይ ሊቆይ ይችላል፣ ብዙ ሳሙናም አይበግረውም፤ በረኪና ነው የሚገድለው፣ አንድ እጅ ለ32 እጅ ውኃ ተበጥብጦ 10 ደቂቃ ከቆየ በኋላ በደንብ በውኃ ይለቀለቃል። በጊዲር መጋላ ለድመት ፍርፋሪ የሚጥል ሰው አንድ ቦታ ከመከመር ይልቅ በየጥጉ ቢበትነው ትልቅ ነገር ነው።

ክትባት አለ፤ ግልገሎች 8 ሳምንት ገደማ ሲሞላቸው ይጀመራል፣ መያዝን ባያስቀርም በሽታውን ያቀለዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው የቢሾፍቱ ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ክትባቶች በዋናነት ለቀንድ ከብትና ለዶሮ የተዘጋጁ ናቸው፤ የድመቱ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ሐኪምን አስቀድሞ ጠይቆ መያዝ ይሻላል። የዳነች ድመትም ብዙ ጊዜ ቫይረሱን ጨርሳ አትተወውም። ሄርፐስ በነርቮቿ ውስጥ ተደብቆ ዕድሜዋን ሙሉ አብሯት ይኖራል፤ ቤት ስትለውጥ፣ ስትወልድ፣ ሌላ ድመት ሲመጣባት እንደገና ይነሳል፣ እሷ ሳትታመም እንኳ ለሌላው ታስተላልፋለች። አምና በጉንፋን የተያዘች ድመት ያለችበት ቤት ግልገል የሚያመጣ ሰው ግልገሉ እስኪከተብ በሌላ ክፍል፣ በሌላ ሳህን ያሳድገው።