የጉዞ ድርጅት ሲከስር የመንገደኛው ገንዘብ የት ይደርሳል?

ገንዘብ ከፍሎ ዕቃውን በእጁ ተረክቦ የሚሄድ ገዢና ገንዘብ ከፍሎ የመነሻውን ቀን የሚጠብቅ መንገደኛ በአንድ ሚዛን የሚታዩ አይደሉም። የመጀመሪያው ግብይቱን ጨርሷል፤ ሱቁ በማግስቱ ቢዘጋ የሚያጣው ነገር የለም። ሁለተኛው ግን፣ ነገሩን ልብ ብሎ ለተመለከተው፣ ለድርጅቱ ያለ ወለድና ያለ መያዣ ገንዘብ ያበደረ ሰው ነው። ለሦስት፣ አንዳንዴም ለስድስት ወራት ገንዘቡ በሌላ ካዝና ውስጥ ሲቀመጥ በእሱ እጅ የሚቀረው ወረቀት ብቻ ነው። ስለሆነም ድርጅቱ በከሰረ ዕለት የሚነሳው ጭቅጭቅ ሁሉ፣ ያ ወረቀት ምን ዓይነት ወረቀት ነው፤ ገንዘቡስ በምን መንገድ ተከፈለ ወደሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ይጠቃለላል።

ጉዳዩ የሠራዊቱን ቤተሰብ በተለይ የሚመለከትበት ምክንያት አለ። የዓመት ፈቃድ የሚገኘው ቀን ተቆርጦለት ስለሆነ ትኬትን ቀደም ብሎ መግዛት የግድ ይሆናል። ከዚህም በላይ ከፋዩና መንገደኛው ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። ወታደሩ በግዳጅ ላይ ሳለ ባለቤቱ ከተማ ውስጥ ካለ የጉዞ ወኪል ቢሮ ሄዳ ትከፍላለች፤ ወይም በውጭ አገር የሚኖር ወንድም በስሙ ይከፍልላቸዋል። ወኪሉ ድንገት ቢሮውን ቢዘጋ ደረሰኙ በአንዱ እጅ፣ የጉዞው ወረቀት በሌላው እጅ፣ ፈቃዱ ደግሞ በሦስተኛ ቦታ ይገኛል። የአንድ ቤተሰብ የብዙ ወራት ቁጠባ የሚጠፋው አንዳንዴ እንዲህ ባለው መበታተን የተነሳ ነው።

ታላቅ የጉዞ ድርጅት እንዴት እንደሚወድቅና መንገደኛው ገንዘቡን እንዴት እንደሚያስመልስ ለመረዳት የእንግሊዙን የቶማስ ኩክን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) መሥራቹ በሙያው የእንጨት ሠራተኛ፣ በሃይማኖቱ የባፕቲስት ሰባኪ ነበር። ጁላይ 5 ቀን 1841 የመጠጥ ተቃዋሚ የሆኑ 500 ያህል ሰዎችን እያንዳንዳቸውን አንድ ሽልንግ አስከፍሎ ከሌስተር ወደ ላፍቦሮ በባቡር ወሰዳቸው። የኋለኛው ግዙፍ ኩባንያ የተወለደው ከዚያች ጉዞ ነው። የእኛም አካባቢ ታሪክ ድርጅቱን ያውቀዋል። በ1884 የብሪታኒያ መንግሥት በካርቱም የተከበበውን ጄኔራል ጎርደንን ለማስለቀቅ ጦር ሲልክ፣ ወታደሩንና ስንቁን በዓባይ ሽቅብ የማጓጓዙን ውል የወሰደው ይኸው የጉዞ ድርጅት ነበር። የጦሩ ግንባር ቀደም ክፍል ካርቱም የደረሰው ከተማይቱ በማህዲስቶች እጅ ከወደቀች ከሁለት ቀን በኋላ፣ በጃንዋሪ 28 ቀን 1885 ነው። የመዘግየቱን ኃላፊነት ግን በአጓጓዡ ላይ ብቻ መጣል ፍትሕ አይሆንም፤ ለንደን ውሳኔዋን ያጓተተችባቸው ወራት አሉ።

ይህ ድርጅት 178 ዓመት ከኖረ በኋላ ሰኞ ሴፕቴምበር 23 ቀን 2019 ከሌሊቱ መገባደጃ ላይ ፈረሰ። የተሸከመው ዕዳ ከ1.5 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር። አበዳሪ ባንኮች በመጨረሻው ሰዓት ተጨማሪ 200 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲገኝ ጠየቁ፤ አልተገኘም። በዚያን ዕለት በመላው ዓለም 600,000 ያህል ደንበኞቹ በጉዞ ላይ ነበሩ፤ ከእነዚህም ውስጥ 150,000 የሚሆኑት ከብሪታኒያ የሄዱ ናቸው። 21,000 ያህል ሠራተኞችም ነበሩት። ሥራ አስኪያጆቹ ቀደም ባሉት ዓመታት ስለወሰዱት ጉርሻ የፓርላማ ኮሚቴ በጥቅምት ወር ጠርቶ ጠይቋቸዋል፤ መንገደኛውን ወደ ቤቱ የመለሰው ግን ጥያቄው ሳይሆን አስቀድሞ የተዘጋጀ ፈንድ ነው።

የፈንዱ አመጣጥ ራሱን የቻለ ትምህርት አለው። በኦገስት 15 ቀን 1974 ኮርት ላይን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ፣ ክላርክሰንስና ሆራይዘን ከተባሉት የሽርሽር ድርጅቶቹ ጋር ወደቀ። በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በባዕድ አገር ቀሩ። የኢንዱስትሪ ሚኒስትሩ ቶኒ ቤን በጁን ወር ለፓርላማ የሰጡት ቃል የዚያ በጋ ጉዞ የተጠበቀ ነው የሚል እምነት አሳድሮ ነበር፤ በ1975 የወጣው የፓርላማ ኮሚሽነሩ ሪፖርት ይህንኑ አነጋገር ነቅፎታል። ኩባንያው አስቀድሞ ያስያዘው የዋስትና ገንዘብ በጉዞ ላይ የነበሩትን ለመመለስ ሲውል፣ ገና ያልተጓዙትን ለመካስ የሚበቃ አልሆነም። በመሆኑም በ1975 በወጣ ሕግ የአየር ጉዞ መጠባበቂያ ፈንድ ተቋቋመ። ዛሬ አቶል በሚል ስም የሚታወቀው፣ በ1973 የተጀመረው የፈቃድ ሥርዓት የተጠናከረው በዚህ መንገድ ነው። ፈቃድ ያለው ድርጅት ለእያንዳንዱ መንገደኛ 2 ፓውንድ ከ50 ፔንስ ለፈንዱ ያስገባል። ለመንገደኛውም የመጀመሪያውን ክፍያ እንደተቀበለ ወዲያውኑ የምስክር ወረቀት መስጠት አለበት።

ቶማስ ኩክ ሲወድቅ የብሪታኒያ ሲቪል አቪየሽን ባለሥልጣን ‹‹ማተርሆርን›› የሚል ስም በሰጠው ዘመቻ አውሮፕላኖችን ተከራይቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ140,000 በላይ ሰዎችን ወደ አገራቸው መለሰ። ዋስትና የሌለው ትኬት የያዙትም አብረው እንዲመለሱ መንግሥት ወሰነ። ያልተጓዙት ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። 800,000 ያህል ሰዎችን የሚመለከቱ ከ360,000 በላይ የወደፊት ጉዞዎች ተሰረዙ፤ የሚመለሰውም ገንዘብ 350 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ነበር። ከባንክ ሒሳባቸው በየወሩ በቀጥታ እየተቆረጠ የከፈሉት ቀድመው ተመለሰላቸው፤ መዝገባቸው በግልጽ ይታይ ነበርና። የቀሩት ማመልከቻ ሞልተው፣ የምስክር ወረቀታቸውንና የክፍያ ማስረጃቸውን አያይዘው እስከ 60 ቀን መጠበቅ ነበረባቸው።

ከዚያ ሳምንት ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር በቱኒዚያ ሐማመት የደረሰው ነው። ኩባንያው በይፋ ከመውደቁ በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ አንድ ሆቴል ሒሳቤ አልተከፈለም በማለት የቶማስ ኩክ እንግዶች እንዳይወጡ በሩን ዘጋ፤ ለኩባንያው የከፈሉትንም እንደገና እንዲከፍሉ ጠየቀ። ነገሩ ሰውን ያስቆጣል፤ ቢሆንም ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። ትላልቅ የጉዞ ድርጅቶች ለሆቴል የሚከፍሉት እንግዳው ከሄደ ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ነው። ሆቴሉም እንደ መንገደኛው ያለ ፈቃዱ አበዳሪ ሆኗል ማለት ነው። ባለሥልጣኑ ለመንገደኞች የሰጠው ምክር፣ ከዋስትና ሰጪው ሳትጠይቁ ሁለተኛ አትክፈሉ የሚል ነበር። በችኮላ የተከፈለ ሁለተኛ ክፍያ ለማስመለስ ከመጀመሪያው ይበልጥ ያስቸግራል።

ዋስትና አለ ማለት ግን ዋስትናው ይበቃል ማለት አይደለም። በጀርመን የቶማስ ኩክ ቅርንጫፍ በዚያው ሳምንት ሲከስር፣ ዋስትና የገባው የመድን ኩባንያ ኃላፊነት በ110 ሚሊዮን ዩሮ የተገደበ ነበር፤ የመንገደኞቹ ጥያቄ ግን ከዚህ እጅግ ይበልጣል። በዲሴምበር 2019 የጀርመን መንግሥት ጉድለቱን ከግምጃ ቤቱ እንደሚሸፍን አስታወቀ። በ2021 ደግሞ የጉዞ ድርጅቶች የሚያዋጡበት ልዩ ፈንድ ተቋቋመ፤ ኤፍ ቲ አይ የተባለው ትልቅ ድርጅት በጁን 2024 ሲከስር ጥቅል ጉዞ የገዙትን የካሰው ይኸው ፈንድ ነው። እዚህ ላይ ‹‹ጥቅል›› የሚለውን ቃል ማስተዋል ያሻል። የአውሮፓ ሕግ የሚጠብቀው በረራና ማረፊያን አጣምሮ በአንድ ውል የተገዛን ጉዞ ነው። በረራ ብቻውን የገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ከለላ ውጭ ነው።

በእኛ ቀጣና የሚገዛው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ብቻውን የሆነ የበረራ ትኬት ስለሆነ፣ ሻጩ ዋስትናውን በጽሑፍ ካላሳየ ዋስትና እንደሌለ መቁጠር ይገባል። አየር መንገድም ቢሆን ይወድቃል፤ ኬንያ፣ ታንዛኒያና ዩጋንዳ በጋራ የነበራቸው የምሥራቅ አፍሪካ አየር መንገድ በ1977 ሥራውን አቁሟል። ይሁንና በአብዛኛው የሚዘጋው አየር መንገዱ ሳይሆን በመካከል ያለው ወኪል ነው። በዚህ ጊዜ ነገሩን ሁሉ የሚወስነው ትኬቱ በእርግጥ ተቆርጧል ወይስ ቦታ ብቻ ነው የተያዘው የሚለው ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። ወኪሉ ስም፣ ቀንና የበረራ ቁጥር ያለበት፣ ስድስት ፊደላትና ቁጥሮች የተጻፉበት ያማረ ወረቀት ይሰጣል። ይህ ቦታ መያዙን እንጂ ገንዘቡ ለአየር መንገዱ መድረሱን አያመለክትም። ትኬቱ በጊዜው ካልተቆረጠ አየር መንገዱ ቦታውን ይሰርዘዋል። የተቆረጠ ትኬት 13 አሐዝ ያለው የራሱ ቁጥር አለው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሐዞች የአየር መንገዱ መለያ ናቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ 071፣ የኬንያ አየር መንገድ 706 ነው። ገንዘብ ሲከፈል ይህ ቁጥር በወረቀቱ ላይ መኖሩን ማየትና ወኪሉን ሳይሆን አየር መንገዱን ራሱን ጠይቆ ማረጋገጥ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ‹‹ነገ ይቆረጣል›› የሚል ወኪል ገንዘቡንም ነገ ቢቀበል አይጎዳም። የእንግሊዝ ሕግም ልዩነቱን የሚያየው በዚሁ ዓይን ነው፤ ገንዘብ ተቀብሎ ትኬቱን እዚያው የሚያስረክብ ወኪል ከአቶል ግዴታ ነፃ ሲሆን፣ ገንዘብ ወስዶ ትኬቱን የሚያዘገይ ግን ዋስትና ማሳየት አለበት። በለንደን ሆነው ለገናና ለጥምቀት ወደ አገር ቤት ትኬት የሚገዙ ወገኖቻችን ይህን ቢያውቁ ይጠቀማሉ።

ትኬቱ ከተቆረጠ በኋላ ወኪሉ ቢዘጋ አየር መንገዱ እንደ ወትሮው ያሳፍራል። ስለሆነም ደንግጦ ትኬትን ለመሰረዝ መሯሯጥ ጉዳት አለው፤ በወኪል በኩል የተገዛ ትኬት ተመላሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፈው በዚያው በተዘጋው ወኪል በኩል ነውና። መጓዝ የሚችል ይጓዝ። እንዲሁም ስለ አንድ ድርጅት መክሰር ወሬ ስለተሰማ ብቻ ጉዞን በገዛ እጅ መሰረዝ ወይም ቀሪውን ክፍያ ማቆም አይመከርም። ድርጅቱ ገና ሳይወድቅ ውሉን ያፈረሰው መንገደኛው ተብሎ ቅድሚያ ክፍያውን ሊያጣ፣ ከዋስትናውም ሊወጣ ይችላል።

የአከፋፈሉ ነገር ቀላል አይደለም። በብሪታኒያ በ1974 የወጣው የደንበኞች የብድር ሕግ አንቀጽ 75፣ ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ ሆኖ ከ30,000 የማያልፍ ዕቃ ወይም አገልግሎት በክሬዲት ካርድ የገዛ ሰው ገንዘቡን ካርዱን ከሰጠው ባንክ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። በሌሎች አገሮችም ቪዛና ማስተርካርድ ያልተፈጸመ አገልግሎት ክፍያ በባንኩ በኩል እንዲመለስ የሚጠየቅበት ሥርዓት አላቸው፤ ጊዜው የተወሰነ ስለሆነ፣ ብዙውን ጊዜም 120 ቀን ገደማ ስለሆነ፣ ዛሬ ነገ ማለት አያስፈልግም። በጥሬ ገንዘብ ወይም ወደ ግለሰብ የባንክ ሒሳብ የተላለፈ ክፍያ ግን ይህ ሁሉ የለውም። ከፋዩ የሚቀረው በሒሳብ አጣሪው ዘንድ ከሌሎች ገንዘብ ጠያቂዎች ጋር መሰለፍ ነው፤ በዚያ ሰልፍ ደግሞ መያዣ ያላቸው ባንኮች ይቀድሙታል። የወኪሉ ሠራተኛ በራሱ ስም ባለው ሒሳብ እንዲገባለት ከጠየቀ ከቢሮው መውጣት ይሻላል።

ድርጅት በፈረሰ ማግስት ገንዘባችሁን እናስመልስላችሁ ባዮች ይፈላሉ። ከቶማስ ኩክ በኋላም የባንክ ሒሳብ ቁጥር በስልክ የሚጠይቁ አጭበርባሪዎች ስለመኖራቸው ሕዝቡ ተነግሮታል። እውነተኛው የፈንዱ አስተዳዳሪ ለማስመለሻ ገንዘብ አያስከፍልም፤ የካርድ ምስጢር ቁጥርም አይጠይቅም።

ተመላሹ የሚሰጠው በመሠረቱ ለከፈለው ሰው፣ በከፈለበት መንገድ ነው። በመሆኑም የከፈለው በውጭ አገር ያለው ወንድም ከሆነ ጥያቄውን ለባንኩ ማቅረብ ያለበት እሱ ነው፤ የትኬቱ ቁጥር፣ ደረሰኙና ከወኪሉ ጋር የተጻጻፉት ሁሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኙት እቤት ባለችው ባለቤት እጅ ነው። የእነዚህ ወረቀቶች አንድ አንድ ቅጂ በተከፈለበት ቀን ለሁለቱም፣ የሚቻል ከሆነም በግዳጅ ላይ ላለው ወታደር ቢላክ፣ ጥያቄው በማን ስም እንደሚቀርብ ሲፈለግ ቀኑ አያልፍም።