ተጨማሪ መረጃ፦ የመተማ ገበያና አንቀጽ 18

ከገንዳ ውሃ በሰሊጥ ማሳዎች መካከል ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ መተማ ዮሐንስ ላይ ከሱዳኗ ጋላባት ጋር ይገናኛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ የድንበር ገበያ ከቡናው ጎን ሰውም ይሸጥ ነበር፤ በተለይ ልጃገረዶች። ባርነትን የሻረው አዋጅ የወጣው ዘግይቶ፣ በ1934 ዓ.ም. ነው።

ዛሬ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 ባርነትንም በሰው መነገድንም ይከለክላል። ባርነትን የሚመለከተው ድንጋጌ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንኳ አይታገድም፤ ብዙ መብቶች ይህ ጥበቃ የላቸውም።

አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ደግሞ ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርንና በሰው መነገድን ለየብቻ ይቀጣል። በስደተኞች የበረሃ መንገድ ላይ ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቀጭን ነው፦ ለደላላ ከፍሎ የተነሳ መንገደኛ ማስለቀቂያ ገንዘብ ሲጠየቅበት አካሉ ራሱ ሸቀጥ ሆኗል።