ባህር የሌለው ሞተረኛ ወዴት ይሂድ? ከለገጣፎ እስከ መዘዞ በሁለት ጎማ

እንግሊዛዊ ሞተረኛ እሁድ ጠዋት ሰማዩ ጠራ ካለለት ብዙም አያመነታም። ሄልሜቱን ያጠልቃል፣ የቆዳ ጃኬቱን ይቆልፋል፣ መንደር ለመንደር እየተጠማዘዘ ወደ ባህር ዳርቻ ይወርዳል። ከለንደን ብራይተን 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ሲደርስ ሞተሩን ከመሰሎቹ ጎን ያቆማል፣ የተጠበሰ ዓሣና ድንች ይበላል፣ ስለ ጎማና ስለ ማርሽ ሲጨዋወት ይቆይና ይመለሳል። ውድድር የለ፣ ዋንጫ የለ፣ ጨዋታው ይኸው ነው። እንግሊዞች ይህን ልማድ በቀላሉ አያዩትም። እ.ኤ.አ. በ1938 ለንደን ውስጥ የተከፈተው ኤስ ካፌ የሞተረኞች መሰብሰቢያ ሆኖ ስሙ የገነነ ነው። በ1969 ቢዘጋም በ2001 ዳግም ተከፍቶ ሞተረኞቹን መልሶ ሰብስቧል።

የእኛው ሞተረኛስ? ባህር የለውም። ገደል ግን ሞልቶለታል።

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደብረ ብርሃን የደረሰ ሰው፣ ትንሽ ገፋ ብሎ ታርማበር አፋፍ ላይ ቢቆም ምድር ከእግሩ ሥር ስትከዳው ያያል። ወደ ምሥራቅ ያለው አገር ቁልቁል ወደ አፋር በረሃ ይወርዳል። ማለዳ ላይ ደመናው ከሥር ተኝቶ ሲታይ ከባህር ምንም አያንስም። ሞተር የሚወድ ሰው ደግሞ ወደዚያ የሚያደርሰውን መንገድ ሲያስበው ራሱ እጁ ነዳጅ መስጠት ያምረዋል።

አበበ የወደቀበት መንገድ

ጉዞው የሚጀምረው ከለገጣፎ ነው። ሰንዳፋ፣ አለልቱ፣ ሸኖ፣ ጫጫ እያለ ይቀጥላል። ሰንዳፋ ላይ ማለዳ ያለፈ ሞተረኛ አስፋልቱን ተከትለው የሚሮጡ አትሌቶችን ማየቱ አይቀርም። አካባቢው የሯጮቻችን የልምምድ ሥፍራ ነውና። ይህ አቅጣጫ ግን ለስፖርት ቤተሰቡ ከልምምድ ሥፍራም በላይ ትርጉም አለው። አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም የተወለደው ደብረ ብርሃን አቅራቢያ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። ሮምን በባዶ እግሩ፣ ቶኪዮን በጫማ ያሸነፈው ጀግና የመኪና አደጋ የደረሰበትም እዚሁ መስመር ላይ፣ ሸኖ አካባቢ ነው።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም ሌሊት አበበ የሚነዳት ቮልስዋገን ከመንገድ ወጥታ ተገለበጠች። ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ለሕክምና የተላከው ወደ እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ነበር። እግሩ አልተመለሰለትም። እሱ ግን ስፖርትን አልተወም። በ1962 ዓ.ም እዚያው ስቶክ ማንዴቪል በተካሄደው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ቀስት ወረወረ። በዓመቱ ኖርዌይ ሄዶ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ተወዳድሮ አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም በ41 ዓመቱ አረፈ።

ይህን ያነሳነው ሞተረኛውን ለማስፈራራት አይደለም። በአራት ጎማ ተቀምጦ፣ ዙሪያውን በብረት ታጥሮ የሚነዳ ሰው ያጣውን ካሰብን፣ በሁለት ጎማ የሚሄድ ሰው ከራሱ ጥንቃቄ በቀር መከታ እንደሌለው ለማስታወስ ነው። ያውም ከፊቱ ገለባ የተጫነች አህያ አለች፣ በጎኑ በግ የሚነዳ እረኛ አለ፣ ከኋላው ደግሞ በፍጥነቱ "አልቃይዳ" የሚል ስም የወጣለት አይሱዙ ጡሩምባውን ያንባርቃል።

ሯጭ የሚወደው አየር፣ ሞተር የሚጠላው

ደብረ ብርሃን 2 ሺህ 840 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሯጮቻችንን ያጀገነው ስስ አየር እዚህ ይበልጥ ይሳሳል። የሯጭ ሰውነት ኦክስጅን ሲያንሰው ቀይ የደም ሕዋስ ያበዛና ይለምደዋል። ሞተር ግን ደም የለውም። ሲሊንደሩ በአንድ ጊዜ የሚስበው አየር መጠኑ ያው ሆኖ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል። በግርድፉ ሲሰላ በየ1 ሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። በባህር ጠለል 12 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር 3 ሺህ ሜትር ላይ ከ8 ተኩል ብዙ አይዘልም። ዳገት ላይ በአራተኛ ማርሽ ይወጣል የተባለው ሞተር በሁለተኛ ሲያቃስት "ተበላሸ እንዴ?" ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም። አየሩ ነው።

ካርቡራቶር ላለው ሞተር ሌላም ጣጣ አለ። አየሩ ሲቀንስ ቤንዚኑ በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ድብልቁ ይወፍራል። ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ሞተሩ መነጫነጭ ይጀምራል። ነገሩ የገባው መካኒክ ጂግለሩን በጠበብ ባለ ይቀይርለታል። ነዳጁን በኮምፒዩተር የሚመጥነው አዲሱ ሞተር ድብልቁን ራሱ ያስተካክላል፤ የጠፋውን አየር ግን እሱም ከየትም አያመጣውም።

ብርዱስ? ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደብረ ብርሃን ውርጭ ትጥላለች። ቴርሞሜትሩ 5 ዲግሪ ቢልም በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለሚበር ሞተረኛ ነፋሱ ተደምሮ ከዜሮ በታች 3 ገደማ ሆኖ ይሰማዋል። የደነዘዘ ጣት ፍሬንም ፍሪሲዮንም በወቅቱ አይዝም። ስለዚህ ጓንት የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ከተማዋ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀችው፣ ወደ ላይ ያለው የመንዝ ሰውም ከበግ ፀጉር ባና የሚሠራው ወዶ አይደለም። ደብረ ብርሃን በአረቄዋም ስመ ጥር ናት። "ለሙቀት አንዲት መለኪያ" የሚል ግብዣ አይጠፋም። መሪ የያዘ ሰው ግን "ሲመለስ ቤቴ" ብሎ ማለፍ አለበት። ሻዩን ጠጥቶ፣ ታንከሩን ሞልቶ፣ የጎማውን ነፋስ አይቶ ይነሳ።

ከዋሻው ወዲህና ወዲያ

ታርማበር ላይ ከፍታው ከ3 ሺህ ሜትር ያልፋል። ለማነፃፀር ያህል፣ ሞተረኞች ሁሉ የሚያልሙት የማን ደሴት ቲቲ ውድድር እ.ኤ.አ. ከ1907 ጀምሮ የሚካሄድ ነው። "የተራራ ዙር" የሚባለው የ60 ኪሎ ሜትር መንገዱ ከፍ ሲል 422 ሜትር ነው። የእኛ ታርማበር ሰባት እጥፉ መሆኑ ነው! ልዩነቱ፣ እዚያ ውድድር ሲኖር መንገዱ ተዘግቶ ተወዳዳሪው ብቻውን ይለቀቅበታል። እዚህ የጅቡቲና የደሴ ጭነት ሁሉ አብሮህ ይወርዳል።

መንገዱ እዚህ ይከፈላል። በቀኝ ያለው ጣሊያን በወረራው ዘመን በፈለፈለው፣ ርዝመቱ 600 ሜትር በሚጠጋ ዋሻ ውስጥ አልፎ ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ወደምትርቀው ደብረ ሲና ያወርዳል። ቀጥሎ ሸዋ ሮቢት ነው። ከ3 ሺህ ሜትር ወደ 1 ሺህ 300 ገደማ ሲወረድ ጃኬት የጠበበው ሰው እያወለቀ ይሄዳል። ዋሻው ጨለማ ነው። ጥቁር መነጽር አድርጎ ከፀሐይ ወደዚያ የሚገባ ሞተረኛ ለጥቂት ሰከንድ ዕውር ነው። ጉም ሲወርድ ደግሞ መግቢያውም መውጫውም አይታይም። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ እይዘዋለሁ ያለ ፍሬኑን ያቃጥላል። በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ ማድረግ ነው የሚያዋጣው።

በግራ የሚታጠፈው ወደ መዘዞ፣ ሞላሌና መሐል ሜዳ የሚዘልቀው የመንዝ መንገድ ነው። ለብዙ ዘመን ጠጠር ሆኖ የኖረ መስመር ነው፤ ሞተረኛው እውነተኛ ችሎታውን የሚያየው በእንዲህ ዓይነቱ ላይ ነው። ኮሮኮንች ላይ ቂጥን ከመቀመጫ አንስቶ በእግር መርገጫው መቆም፣ መሪውን አለመጨበጥ፣ ከፊት ፍሬን ይልቅ በኋላው ማመን ይጠይቃል። በግራ በቀኝ የገብስ ማሳ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር ሲነጩ ይታያሉ። ከመሐል ሜዳ ጠጋ ብሎ ያለውና ሕዝቡ በራሱ ሥርዓት ለዘመናት የጠበቀው ጓሳ ደግሞ የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው።

መዘዞ ትንሽ ከተማ ብትሆንም ስሟን ከባህር ማዶ የሚያውቋት የድንጋይ ነጋዴዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ከዚህ አካባቢ ወጥቶ ለዓለም ገበያ የቀረበው ቸኮሌት መልክ ያለው ኦፓል "የመዘዞ ኦፓል" ተብሎ ይጠራል። ከድንጋይ ቋጠሮ ውስጥ የሚገኝ፣ ሲዞር ቀለሙ የሚለዋወጥ ዕንቁ ነው። መሰንጠቅ ስለሚያበዛ ገበያውን በኋላ የወሎው የወገል ጤና ኦፓል ወሰደበት እንጂ፣ ኢትዮጵያን በዚህ ማዕድን መጀመሪያ ያስተዋወቀው እሱ ነው።

ሞተር ማን አደፈረሰው?

ነጮቹ ይህን አገር በሞተር ሲያቋርጡት ቆይተዋል። እንግሊዛዊው ቴድ ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1973 በ500 ሲሲ ትራያምፍ ተነስቶ ዓለምን በ4 ዓመት ሲዞር በሱዳን በኩል ገብቶ ጎንደርን አልፏል። በ2007 ደግሞ ተዋንያኑ ኢዋን ማክግሬጎርና ቻርሊ ቡርማን ከስኮትላንድ ኬፕ ታውን ድረስ በቢኤምደብሊው ሲጓዙ ኢትዮጵያን አቋርጠው ጉዟቸውን በቴሌቪዥን አሳይተዋል።

እኛ ዘንድ ግን ሞተር የሥራ ዕቃ ነው። የግብርና ባለሙያውና የጤና ሠራተኛው ገጠር የሚደርሱበት ነው። ለደስታ የሚነዳ ሰው ሲገኝ "ሥራ ፈት" ይባላል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ሞተር ለዘረፋ ዋለ ተብሎ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም ጀምሮ ፈቃድ የሌለው እንዳይንቀሳቀስ ሲታገድ፣ ሞተረኛ ሁሉ በጥርጣሬ የሚታይ ሆነ። ጥቂት ቀማኞች ባጠፉት ስንቱ ሞተሩን ግቢው ውስጥ አቆመ።

ከዚያ የከፋው ግን በመንገዱ ላይ የደረሰው ነው። በ2014 ዓ.ም ኅዳር ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና ዘልቆ መዘዞና ሞላሌም የጦር ሜዳ ሆነው ነበር። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት ደግሞ ይህንኑ መስመር ብዙ ጊዜ ዘግቶታል። በዚህ ሁኔታ "እሁድን ታርማበር ላይ" ማለት ከቶ እንደ ቀልድ የሚደረግ አይደለም። የመንገዱን ወሬ ከአገሬው ሳይጠይቅ የሚነሳ ሞተረኛ ጀግና አይባልም።

የብራይተኑ ሞተረኛ ከቤቱ ሲወጣ የሚያየው ሰማዩን ብቻ ነው። ይዘንባል ወይስ አይዘንብም? ሌላ የሚጠይቀው የለም። ለእኛው ሞተረኛ ስፖርት ማለት ይኸው ነው፤ ማለዳ ተነስቶ፣ ቀና ብሎ ሰማዩን አይቶ፣ ሌላ ነገር ሳይጠይቅ መዘዞ ደርሶ ለመመለስ መብቃት። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ደርሶ መልስ ነው። ለሞተሩ ብዙ አይደለም። ሰላም ከሆነ ለሰውም ብዙ አይደለም።