የአባት ጠመንጃ፦ ይጨረስ ወይስ ይሸጥ?

ከጣርማ በር የደረሰን ጥያቄ አጭር ነው። መልሱ ግን እንደ ጥያቄው አያጥርም። ጠያቂው ጎልማሳ ገበሬ ነው። አባቱ ከዚህ ዓለም ሲለዩ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ ውጅግራ፣ አናጢ ቤት ደግሞ በግማሽ የተጠረበ የወይራ ሰደፍ ትተዋል። የድሮው ሰደፍ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሮ ነው የኖረው። ሽማግሌው አዲስ አስጠርበው፣ በብር ቀለበት አሳምረው ሊያቆሙት ነበር። ዕድሜ አልበቃቸውም።

ልጅ «ጨርሼ በሙት ዓመታቸው ልተኩስበት» ይላል። እህት ደግሞ «የሙት ዓመቱ ድግስ ገንዘብ ከሰማይ ይወርዳል እንዴ? ይሸጥና እንካፈል!» ትላለች። በዚህ መሀል ከአዲስ አበባ የመጣ ደላላ «ለፈረንጅ የሚሆን አንቲክ ነው» ብሎ ብር ቆጥሮ አሳይቷቸዋል። ወንድምና እህት ከተኮራረፉ ሰነበቱ። እናት በሁለቱ መሀል ታለቅሳለች።

ለመሆኑ ምን ይሻላል? «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና ከሥሩ እንጀምር።

ዕቃ ብቻ ያልሆነው ለምንድን ነው?

ለከተማ ሰው ጠመንጃ ብረትና እንጨት ነው። ለጣርማ በር ሰው ግን የቤተሰብ ታሪክ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጣልያን ጦር በመኪና ሲገሰግስ፣ ጣርማ በር ላይ መንገዱ ፈርሶ ስለጠበቀው ገደሉን እስኪጠግን ቆሞ ለመዋል ተገዷል። ከዚያ በኋላ በነበሩት አምስት ዓመታት የሸዋ አርበኞች እነ አበበ አረጋይን ተከትለው የታገሉት አያት ካወረሳቸው መሣሪያ ጋር ነው። ዛሬ መኪና የሚያልፍበትን ከ500 ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ የፈለፈለውም ያው ጠላት ነው። እንግዲህ በዚህ አገር «የአባቴን ጠመንጃ ሸጥኩ» ማለት ለብዙ ሰው አንገት የሚያስደፋ ነገር ነው። ልጁ እምቢ ቢል አይፈረድበትም። እህቱም ብትሆን አባቷን ጠልታ አይደለም፤ የቸገራት ገንዘብ ነው።

ብረቱ ምን ይላል?

ውጅግራ የምንለው ፈረንሳዊው መኮንን ባዚል ግራ የሠራው፣ የፈረንሳይ ጦር እንደ ፈረንጆቹ በ1874 የተቀበለው ጠመንጃ ነው። አንድ ጥይት ጎርሶ አንድ ይተኩሳል። የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር ነው። አድዋም ላይ ውሏል። የተሠራው ግን ለጥቁር ባሩድ ነው። ጭስ አልባው ባሩድ የመጣው ከእሱ በኋላ ነው፤ የፈረንሳይ ጦርም በ1886 ሌላ ጠመንጃ፣ ለበንን፣ የያዘው ለዚሁ ነው። የኋለኛው ባሩድ ግፊቱ ከባድ ነው። ዛሬ ከየትም ተለቃቅሞ፣ ባሩዱ ተቀይሮ የተሞላ ቀለህ በዚህ አሮጌ ብረት ውስጥ ገብቶ ቢተኮስ፣ መዝጊያው ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ይችላል። ዓይን ይጠፋል፤ ሰውም ይሞታል።

ታዲያ አዲስ ሰደፍ ይህን ያድናል ወይ? አያድንም! ሰደፍ መልክ ይሰጣል እንጂ የዛገ አፈሙዝና ያለቀ መዝጊያ አይጠግንም። ለአናጢውና ለብር ሠሪው የሚከፈለው ገንዘብም ብዙ ጊዜ ከጠመንጃው ዋጋ ላይ ተደምሮ አይመለስም። ገዢ «የኔ ዋጋ ለብረቱ ነው» ይላችኋል። አሮጌ ዕቃ የሚሰበስብማ ጭራሽ ጠፍር የታሰረበትን የጥንቱን ሰደፍ ነው የሚመርጠው። ስለዚህ «አሳምሬ ብሸጠው ያወጣልኛል» የሚል ሰው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንደሚባለው እንዳይሆን።

ወረቀቱስ?

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም፣ መሸጥንም፣ መጠገንንም ይከለክላል። አሮጌ ነው፣ የአያት ነው ማለት አያድንም። የአባት ፈቃድ ቢኖር እንኳ ልጁን ባለ ፈቃድ አያደርገውም። አናጢውም «እንጨት ነው የጠረብኩት» ብሎ እንዳይጠየቅ ያሰጋል።

የደላላው ነገርማ አይነሣ! «ለፈረንጅ» የሚባል ጥንታዊ ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ይህን ከልክሏል። በማታ የተቆጠረ ብር በማግስቱ ጣጣ ይዞ ይመጣል። ጣጣው ደግሞ ሻጩን እንጂ ደላላውን አያገኘውም።

ሌላም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ስንት ሰው እንዳለቀ ሁላችንም እናውቃለን። በእንዲህ ያለ ጊዜ ጠመንጃ በጋቢ ጠቅልሎ ከቤት ወደ አናጢ፣ ከአናጢ ወደ ገበያ መመላለስ ከሕጉም በላይ የነፍስ ነገር ነው። በሙት ዓመት የሚተኮሰውን ጥይት የሚሰማው ሰውም ለሟች ክብር መሆኑን በምን ያውቃል?

የማን ነው?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች ሴት ወንድ ሳይባል እኩል እንዲወርሱ ነው የሚለው። «ጠመንጃ የወንድ ነው» የሚለው ልማድ የእህትን ድርሻ አይፍቅም። ወንድም ላስቀር ካለ የእህቱን ግማሽ በሽማግሌ አስገምቶ በበግም ሆነ በእህል መተካት አለበት። እህትም ብትሆን ደላላው የጠራውን ብር እንደ ዋጋ መቁጠሯን ትተው፤ ሕጋዊ መንገድ የማያመጣው ገንዘብ ነው።

የኛ ምክር

ወንድማችን ሆይ፣ ከሁሉ በፊት የሙት ዓመቱን ተኩስ እርሳው። ጸሎቱ፣ ዝክሩና የእናትህ ደስታ ለአባትህ ይበቃቸዋል። ጠመንጃው ይጉረስ አይጉረስ ለማወቅ ብለህም ራስህ አትነካካው፣ ልጆችም አይድረሱበት።

ቀጥሎ መሣሪያውን ከተሰቀለበት ሳታወርድ፣ ባዶ እጅህን ከአንድ ሽማግሌ ጋር ወደ ፖሊስ ሂድ። የአባትህ ወረቀት ካለ ያዝ። «እንዲህ ያለ ውርስ አለን፣ እንዴት እናድርግ?» ብለህ ጠይቅ።

ፈቃድ ከተገኘ፣ እህትህም በድርሻዋ ከተስማማች፣ ብረቱን ከነጠፍሩ እንዳለ አቆየው። የጥንቱ ሰደፍ አያትህም አባትህም የያዙት ነው፤ አዲሱ ገና የማንም አይደለም። ፈቃድ ከሌለ በሕጉ መሠረት አስረክብና ደረሰኝህን ተቀበል። ይህ ውርደት አይደለም፤ ቤትህን ከመከራ ማዳን ነው። ለማንኛውም ግን ጠመንጃው ከየት እንደመጣ፣ ማን ምን እንደሠራበት እናትህ የምታውቀውን ዛሬውኑ ደብተር ላይ አስፍር። ብረት ቢሄድ ተመልሶ ሊተካ ይችል ይሆናል፤ እሷ የያዘችው ታሪክ ግን ከሷ ጋር ከሄደ ሄደ ነው።

አባት የጀመረውን መጨረስ መልካም ነው። አባት የጀመረው ሁሉ ግን ዕዳ አይደለም። አባትህ ዛሬ ቢኖሩ፣ በአንድ ጠመንጃ የተነሣ ልጆቻቸው ተኮራርፈው ከሚያዩ እንጨቱ ሳይጠረብ ቢቀር ይመርጡ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ከእህትህ ታረቅ። ያ በግማሽ የተጠረበው ወይራ ደግሞ ረጅም እንጨት ነውና፣ አናጢው ለእናትህ ጥሩ ከዘራ ያወጣበታል።