ሥራ ሲደራረብ፦ በክረምት የማይጠብቀውን ሥራ ከሚጠብቀው መለየት

ሰኔ በገባ ቁጥር በአሶሳና በአካባቢዋ አንድ ሰው ለሦስት ሥራ ይፈለጋል። ማሳው ዘርና አረማ ይጠይቃል፤ በበጋ የተጀመረው አጥርና የቤት ግድግዳ ሳይጠናቀቅ ቆሟል፤ የከተማው ነዋሪም ከመሥሪያ ቤት ሲወጣ የጓሮ አትክልቱ ይጠብቀዋል። በዚህ መካከል ኳሱ፣ የቡና ላይ ጨዋታውና ሙዚቃው ቀድመው ይቀራሉ። ይሁን እንጂ ችግሩ የሰዓት ማነስ ብቻ አይደለም። ጊዜ የማይሰጠው ሥራ ጊዜ ከሚሰጠው ጋር በአንድ ተራ መሰለፉም ጭምር ነው።

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ግብርና በአብዛኛው የተመሠረተው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው አንድ የዝናብ ወቅት ላይ ነው። የበልግ ዝናብ እንደሚያገኙ አካባቢዎች በዚያው ዓመት ሁለተኛ ዕድል አይጠበቅም። በቆሎ፣ ማሽላ፣ አኩሪ አተር፣ ለውዝና ሰሊጥ በተቀራረቡ ሳምንታት ይዘራሉ፤ የአረማቸው ጊዜም እንዲሁ ይቀራረባል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ የሚካሄደው የአረንጓዴ አሻራ የችግኝ ተከላም የሚውለው በዚሁ ወቅት ነው።

ቀጠሮ የማይቀበሉ ሥራዎች

ከእነዚህ የመጀመሪያው አረማ ነው። በቆሎ ከበቀለ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ያህል ወሳኝ ናቸው። በዚህ ጊዜ አረሙ ከሰብሉ ጋር ምግብ፣ ውኃና ብርሃን ይሻማል። ዘግይቶ የሚደረግ አረማ ማሳውን ለዓይን ያሳምር እንደሆነ እንጂ የታጣውን ምርት አይመልስም። ዩሪያም የሚጨመረው ከአረማው በኋላ ነው። አረም ባልተነቀለበት ማሳ ላይ የተጨመረ ማዳበሪያ አረሙንም ይመግባልና፣ የተከፈለበት ገንዘብ ከፊሉ ለአረም ይውላል።

ሁለተኛው የማሽላ ጠላት የሆነው አቀንጭራ ነው። አንድ የአቀንጭራ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ያፈራል፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ሳያብብ መነቀል አለበት። ለዚህ ሥራ በጊዜው ያልዋለ አንድ ቀን ለልጆች የሚተርፍ ዕዳ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው በመኸር የሚመጣው የሰሊጥ አጨዳ ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ካልታጨደ ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል።

ሊጠብቁ የሚችሉ ሥራዎች

የቀርከሃ አጥር የዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አዲስ የቀርከሃ ቡቃያ የሚወጣው በዝናብ ወቅት በመሆኑ፣ በክረምት መቁረጥ ቡቃያውን ለጉዳት ያጋልጣል። ለሥራ የሚመረጠው 3 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ነው፤ ለጋው በነፍሳት ቶሎ ይበላል። በበጋ የተቆረጠ ቀርከሃም የተሻለ ዕድሜ አለው። ስለዚህ አጥሩን ለበጋ ማቆየት ስንፍና ሳይሆን ትክክለኛ አሠራር ነው። የግድግዳ ምርጊትም በደንብ የሚደርቀው በፀሐይ ነው። በክረምት የሚያፈስ ጣሪያ ግን አይጠብቅም። ጎተራም ምርቱ ከመድረሱ በፊት ተጠግኖና ተጠርጎ ማለቅ ይገባዋል።

የወንፈል ተራ በሰብሉ ዕድሜ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይባላል። ለአብነት አንድ ማሳን ለማረም የ24 ሰው የቀን ሥራ ቢያስፈልግ፣ ባልና ሚስት ብቻቸውን 12 ቀን ይፈጅባቸዋል። የገበያ፣ የለቅሶና የዝናብ ቀን ሲጨመር ሥራው ወደ ሦስት ሳምንት ይጠጋል። አራት ቤተሰቦች በወንፈል ቢጣመሩ 8 ሰዎች አንዱን ማሳ በ3 ቀን ይጨርሱታል።

ይሁንና ወንፈል የሥራውን ጠቅላላ መጠን አይቀንስም፤ ለአራቱም ማሳዎች ያው 12 ቀን ያስፈልጋል። ጥቅሙ የሚገኘው ከተራው አያያዝ ነው። ተራው በሽምግልና ወይም በዝምድና ከተያዘ የአንዱ ማሳ ሳይደርስ ይታረማል፤ የሌላው ያልፍበታል። ቀድሞ የተዘራው ቀድሞ ቢታረም ግን እያንዳንዱ ማሳ ጊዜው ሳያልፍ እጅ ያገኛል። ቤተሰቦቹ በዘር ወቅት ተመካክረው የሚዘሩበትን ቀን በጥቂት ቀናት ቢያራርቁት ደግሞ ተራውን መያዝ ይቀላል።

በዚህ ስሌት ብዙ ጊዜ የሚረሳው የሴቶች ድካም ነው። ሚስት ማሳ ላይ ውላ ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ሰብስባ፣ ለሠራተኛው ምግብ ካቀረበች ቀኗ የአንድ ሰው ቀን ብቻ አይደለም። እህሉን አስቀድሞ ማስፈጨትና እንጨቱን በበጋ ማከማቸት ጫናውን ያቀላል። የቤቱን ሥራ ወንዶችም ሲጋሩት ደግሞ እረፍቱ ለሁሉም ይዳረሳል።

የከተማው ነዋሪ

የመንግሥት ሠራተኛ ከቀኑ 11፡30 ከሥራ ሲወጣ እስኪመሽ የሚቀረው ጊዜ አጭር ነው። ይህ ጊዜ ጥቂት መደብ ጎመን ለመኮትኮትና ለዶሮዎች መኖ ለመስጠት ይበቃል። ለምርጊትና ለአናጢነት ግን አይበቃም፤ የተቦካ ጭቃ ሳይለጠፍ ያድራል። ስለዚህ በየምሽቱ ሦስት ሥራ ከመነካካት አንዱን መጨረስ፣ ሰፊ ጊዜ የሚፈልገውንም ለቅዳሜ ማቆየት ይመረጣል። ከከተማ ውጭ ማሳ ያለውም ቅዳሜውን ከአረማው ሳምንት ጋር አስቀድሞ ማገናኘት ይኖርበታል።

ጨዋታም ድርሻ አለው

በሥራ ብዛት ሙዚቃንና ስፖርትን ጨርሶ መተው ጥቅም ያለው ይመስላል። ነገር ግን የበርታ ብሔረሰብ በቡድን የሚጫወተው ዙምባራ ለብቻ አይደምቅም፤ ኳስም ያለ ጓደኛ አይሆንም። ሰው አንዴ ከተበተነ መልሶ ማሰባሰብ አዳጋች ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ የነበረውን ወደ አንድ ዝቅ አድርጎ ቀኑን አለመሻር ቡድኑን እስከ መኸር ያቆየዋል። ወንፈል የሚጠራራው ጎረቤትም ብዙውን ጊዜ በዚያው ጨዋታ ላይ የተዋወቀ ነው።

የክረምቱ ዕቅድ ረጅም ዝርዝር አያስፈልገውም። በየሳምንቱ መጀመሪያ ቤተሰቡ ተሰብስቦ «በዚህ ሳምንት ካልተሠራ የሚበላሸው የትኛው ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የመጀመሪያው ተራ የማን እንደሆነ ይታወቃል። አጥሩ ኅዳርን ይጠብቃል፤ አቀንጭራው ግን አበባውን አያዘገይም።