ኤዲሰንን ያስቸገረው ጥቁር ዱቄት

አንባቢ ሆይ፤ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰብረው የሚያውቁ እንደ ሆነ፥ እጅዎን ያጠቆረው ዱቄት ትዝ ይልዎታል። ያ ዱቄት የማንጋኒዝ ኦክሳይድና የከሰል ቅይጥ ነው። ኃይሉ ከማንጋኒዙ ነው፤ ነገር ግን ማንጋኒዙ ኤሌክትሪክን በደንብ ስለማያስተላልፍ መንገድ የሚሆንለት ከሰሉ ነው።

የቅይጡ ነገር ቀላል እንዳይመስልዎ! ቶማስ ኤዲሰንን የሚያህል ሰው ዓመታት አስለፍቶታል። ኤዲሰን ለኤሌክትሪክ መኪና የሚሆን፥ በአሲድ ፈንታ በፖታሽ ውሃ የሚሠራ የብረትና የኒኬል ባትሪ በ1903 (እ. ኤ. አ.) ለገበያ አወጣ። የኒኬሉም ዱቄት መንገድ ያስፈልገው ስለ ነበር ግራፋይት፥ ማለት በጻፉበት እርሳስ ውስጥ ያለውን ጥቁር ነገር፥ ጨመረበት።

ብዙም ሳይቆይ ባትሪዎቹ ያፈስሱና ይደክሙ ጀመር። ባትሪው በተሞላ ቁጥር ግራፋይቱ እየተበላሸ ከኒኬሉ ጋር የነበረው ግንኙነት ላላ። ኤዲሰን በ1904 ማምረቱን አቆመ። ገዢው ያጉረምርም ብሎ መሸጡን ቢቀጥል ኖሮ ባልደነቀን፤ እንዲህ የሚያደርግ ነጋዴ ሞልቷልና።

መፍትሔው ሲገኝ 1909 ደርሶ ነበር። መዳብና ኒኬል በየተራ በኤሌክትሪክ ይነባበራሉ፤ ኋላ መዳቡ ይሟሟና ከወረቀት እጅግ የሳሳ የኒኬል ቅጠል ይቀራል። ይህን ቅጠል ከኒኬሉ ዱቄት ጋር እያፈራረቀ በተበሳሱ የብረት ቱቦዎች ውስጥ ጠቀጠቀው። ባትሪውም ጠንካራ ሆነ፤ በባቡርና በማዕድን ሥራ ለብዙ ዓመታት አገለገለ። ለመኪናው ግን ዘግይቷል፤ ፎርድ በቤንዚን የሚሄደውን ሞዴል ቲ በ1908 አውጥቶ ነበር።